ለኢትዮጵያ የባዮሜዲካል ተመራማሪዎች ፌሎሺፕ እንዴት እናቋቁም?

ይህ መመሪያ የተጻፈው ገንዘብ አዋጥተው በአገር ቤት የሕክምና ምርምር እንዲያድግ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። የጥቁር አንበሳ፣ የጎንደር ወይም የጅማ ምሩቃን ማኅበር ልትሆኑ ትችላላችሁ። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የምትሠሩ ሐኪሞችና የላብራቶሪ ባለሙያዎችም ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከትርፉ ለቁም ነገር ማዋል የሚፈልግ የመድኃኒት አስመጪም ቢሆን አካሄዱ ያው ነው።

አንድ ነገር ከመነሻው ልበል። ፌሎሺፕ ማለት አንድ ተመራማሪ (ፌሎው) ለተወሰነ ጊዜ እንዲማር ወይም ምርምሩን እንዲሠራ የሚሰጠው ድጋፍ ነው። ፌሎሺፕ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሰው ውጭ ልኮ ማስተማር ነው። መማሩ መልካም ነው። የአገር አቅም የሚገነባው ግን ያ ሰው ተመልሶ ሲሠራ ነው። ሲመለስ ለምርምር ጊዜ ካላገኘ፣ ሪኤጀንት (ለላብራቶሪ ምርመራ የሚያገለግል ኬሚካል) ከሌለው፣ አብሮት የሚያስብ አማካሪ ካጣ ተመልሶ ይሄዳል። ወይም አገር ቤት ሆኖ ምርምሩን ይተዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን እርምጃዎች ከመመለሻው ተነስቼ ወደ ኋላ ነው ያሰብኳቸው።

1. ክፍተቱ የት እንዳለ ሄዳችሁ ጠይቁ

ገንዘብ ከማሰባሰባችሁ በፊት ወደምታስቡት ተቋም ሂዱ። መሄድ ካልተቻለ ረዘም ያለ ጊዜ ይዛችሁ በስልክ አውሩ። ዲኑን ብቻ አታናግሩ። ፒኤችዲውን ጨርሶ በቅርቡ የተመለሰውን ረዳት ፕሮፌሰር፣ የላብራቶሪ ኃላፊውን፣ የግዥ ሠራተኛውን አናግሩ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ «ባለፈው ዓመት ምርምራችሁን ምን አቆመው?»

መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ብዙ ጊዜ የምሰማው ግን ይህን ነው። ለማስተርስና ለፒኤችዲ ትምህርት ከዚህም ከዚያም ድጋፍ ይገኛል። የስዊድን መንግሥት የልማት ድርጅት የሆነው ሲዳ ለአሥርተ ዓመታት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ሲደግፍ «ሳንድዊች» የሚባለው ፒኤችዲ ብዙ ሰው አፍርቷል። ተማሪው የሚመዘገበው አገር ቤት ነው። የተወሰነ ጊዜ ስዊድን ላብራቶሪ ይሠራል፣ ከዚያ ይመለሳል። ክፍተቱ የሚመጣው ከምረቃ በኋላ ነው። ዶክተር የተባለው ሰው ሙሉ የማስተማር ሸክም ይጫንበታል። ኮሚቴ ይበዛበታል። ደመወዙ ስለማይበቃው ማታ ማታ የግል ክሊኒክ ወይም የግል ኮሌጅ ይሠራል። ትልቁን ዓለም አቀፍ ግራንት (በውድድር የሚሰጥ የምርምር ገንዘብ) ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን የመጀመሪያ ውጤት የሚሠራበት ሁለትና ሦስት ዓመት እዚያ ላይ ይበላል።

አነስተኛ ገንዘብ ያለው ቡድን ብዙ ሥራ የሚሠራው እዚህ ቦታ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከፒኤችዲ በኋላ ላሉት ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት፣ አገር ቤት የሚያዝ ፌሎሺፕ። የእናንተ ተቋም ክፍተት ሌላ ከሆነ ግን የነገሯችሁን ተከተሉ።

ለረጅም ጊዜ ማሰብ ለምትችሉ የኬንያውን ኪሊፊ ማየት ይጠቅማል። የኬንያ የሕክምና ምርምር ተቋምና ዌልካም ትረስት የተባለው የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት እዚያ ያቋቋሙት ፕሮግራም ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል። ወጣቱን በኢንተርንሺፕ ይቀበላል፣ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ያዘጋጃል፣ ከዚያ በኋላም አይለቀውም። ሰውየው በየደረጃው አዲስ ደጅ አይጠናም። እኛም አገር በ1986 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም አለ። ቤት ለቤት ልደትና ሞት እየመዘገበ ለብዙ ተመራማሪዎች መማሪያና መሥሪያ ሆኗል። ሁለቱም ቦታ አንድ ሥራ በአንድ ስፍራ ሳይቋረጥ ቆይቷል።

2. አስተናጋጅ ተቋሙን በጥንቃቄ ምረጡ

ፌሎው የሚሠራበት ቤት ከፌሎው እኩል ይመዘናል። አዲስ አበባ ላይ በ1970 (እ.ኤ.አ.) በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት (አህሪ) አለ። ሥራው በሥጋ ደዌ ጀመረ፤ ዛሬ በጤና ሚኒስቴር ሥር ሆኖ በብዙ በሽታዎች ላይ ይመራመራል። በሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ ስም የተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢንስቲትዩት አለ። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ከአዲስ አበባ ስትወጡ ጎንደር በመተማና በሁመራ ቆላ የሚበረታውን ካላ አዛር የተባለ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ለማጥናት የተሻለ ቅርበት አለው። በሽታው ባለበት አካባቢ ያለ ዩኒቨርሲቲ ዕቃው ቢያንሰውም ጥያቄው ከእጁ አይጠፋም።

የአክሊሉ ለማን ስም ካነሳሁ ታሪካቸውን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ተቋም ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለኝም። በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ያያሉ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት ተክል በሽታውን ለመቆጣጠር ይረዳል ማለት ነው። ግኝቱ ትልቅ ነበር። ነገር ግን የእንዶድን ደህንነት በተመለከተ እዚህ የተሠራውን ጥናት የውጭ ተቋማት በቀላሉ አልተቀበሉትም። እነሱ በሚያውቁት የላብራቶሪ ደረጃ አልተሠራም ተባለ። ምርመራው በሌላ ጊዜ እንደገና መሠራት ነበረበት። በዚህ መሐል ብዙ ዓመት አለፈ። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት በ1989 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሐሳቡም ሰውም አገር ቤት ነበሩ። የጎደለው ውጤቱ የትም ቢሄድ የሚታመንለት፣ በደንብ የተደራጀ ላብራቶሪ ነው።

ስለዚህ ተቋሙን ስትመርጡ እነዚህን ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር ምን ይሆናል? ጄኔሬተሩ ነዳጅ አለው? የፒሲአር ማሽኑን (ዲኤንኤ አባዝቶ የሚመረምረውን) ማን ይጠግናል? ዕቃ ታዝዞ እስኪገባ ስንት ወር ይፈጃል? ከዚህ በፊት የውጭ ገንዘብ ተቀብሎ በጊዜው ሒሳብ አወራርዷል? ለምርምር ብቻ የተቀጠረ የላብራቶሪ ቴክኒሻን አለው? ጥሩ ተቋም እነዚህን ስትጠይቁት አይከፋውም። እንዲያውም ዝርዝር ያወጣላችኋል።

3. ገንዘቡ በሕጋዊ መንገድ የሚሄድበትን አዘጋጁ

አሜሪካ ያላችሁ አዲስ ድርጅት ለማቋቋም አትቸኩሉ። ከግብር ነፃ ፈቃድ (501(ሲ)(3)) ባለው ነባር የበጎ አድራጎት ድርጅት ጥላ ሥር መግባት ይቻላል። ድርጅቱ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይወስዳል፣ ሒሳቡንና ሪፖርቱን ይይዝላችኋል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ለጋሹ «ለእገሌ ልጅ ይሰጥልኝ» ብሎ ስም ጠርቶ የሰጠው ገንዘብ ከግብር አይቀነስለትም። ፌሎውን የሚመርጠው ድርጅቱ መሆን አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የራሳችሁን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ማስመዝገብ ነው። አዋጁ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ሁለተኛው በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከኢንስቲትዩቱ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞ ገንዘቡን በፕሮጀክት ሒሳብ ማስገባት ነው። በዓመት ጥቂት ፌሎዎችን ለሚደግፍ ቡድን ሁለተኛው ይቀላል። ጽሕፈት ቤትና ሠራተኛ አይጠይቅም፤ ገንዘቡ ለምርምር ይተርፋል።

ተቋሙ ለአስተዳደር የሚወስደውን ድርሻ ከመጀመሪያው ተስማሙ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤን.አይ.ኤች) ለውጭ አገር ተቋማት ሲከፍሉ የቆዩት 8 በመቶ ነው። ለድርድር ጥሩ መነሻ ነው። «ምንም አንከፍልም» አትበሉ። ለመብራቱም፣ ለሒሳብ ሠራተኛውም የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል።

4. በጀቱን ሥሩ

ብዙ ፌሎሺፕ የሚወድቀው እዚህ ነው። የተለመደው ችግር ገንዘቡን ለብዙ ሰው ማካፈል ነው። አሥር ሰው ትንሽ ትንሽ ሲሰጠው ፎቶው ያምራል፣ ምርምሩ ግን አንዱም አያልቅም። ለሁለት ሰው በሙሉ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ ሁለት ሰው ብቻ ያዙ።

ለአገር ቤት ፌሎሺፕ እኔ የምመክረው ክፍፍል ይህን ይመስላል። ከ100 ብር ውስጥ 35 ለሪኤጀንት፣ ለኪትና ለናሙና መሰብሰቢያ ይሁን። 30 ለፌሎው ጊዜ ይሁን፤ ይህ የማታ ሥራውን እንዲተው የሚያስችል የደመወዝ ድጎማ ነው። 10 ለአማካሪዎች፣ 10 ለአጭር ሥልጠናና ለጉዞ፣ 8 ለተቋሙ አስተዳደር፣ የቀረው 7 ለመጠባበቂያ። በሽታው ሩቅ ቦታ ከሆነ የጉዞውን ከፍ አድርጉ። ሥራው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የጄኔቲክ መረጃ ትንተና ከሆነ የሪኤጀንቱን ቀንሱ፣ ለኢንተርኔትና ለሰርቨር ጨምሩ።

የጊዜ ድጎማው የሚከብዳቸው ለጋሾች አሉ። «ደመወዝ አለው አይደል?» ይላሉ። አለው። ግን ያ ደመወዝ ቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ሲከፈልበት ምን እንደሚተርፍ ሁላችንም እናውቃለን። ሰውየው ማታ ሴል ማየት ሲገባው ክሊኒክ ውስጥ ተረኛ ከሆነ የገዛችሁለት ሪኤጀንት ጊዜው ያልፍበታል።

የምንዛሪ ነገር ሌላው ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በጀታቸውን በብር ቆርጠው የነበሩ ፕሮጀክቶች የሪኤጀንት መግዣቸው በግማሽ ሊቀንስ ምን ቀረው? ስለዚህ በጀቱን ሁለት ቦታ ክፈሉት። ለደመወዝ ድጎማና ለመስክ የሚውለው በብር ይሂድ። ለሪኤጀንትና ለመለዋወጫ የሚውለው በውጭ ምንዛሪ እናንተ ዘንድ ይቆይ፣ ዕቃውንም ከውጭ እናንተ ግዙ። የብሩን ድጎማም በየዓመቱ የሚከለስ አድርጉት።

ዕቃ ስትልኩ ሰነዱ ከዕቃው ይቅደም። ፕሮፎርማ፣ የተቋሙ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የቀረጥ ነፃ ጥያቄ እና የሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይያዝ በቅዝቃዜ መቆየት ያለበት ኢንዛይም ከአውሮፕላን ከወረደ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ይበላሻል። ላኪው ዓርብ እንዳይጭን ንገሩት። ቅዳሜና እሑድ ላይ ከወደቀ በረዶው ይቀልጣል።

አዲስ ማሽን መግዛት ያጓጓል። የቆመውን ማሽን ማስጠገን ግን ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ለሌሎችም ይተርፋል። የግድ ከገዛችሁ የጥገና ውሉን አብራችሁ ግዙ፣ የማረጋጊያና የዩፒኤስ ወጪውንም ጨምሩ።

ለጽሑፍ ማሳተሚያ ብዙ አትመድቡ። ኢትዮጵያ ለታዳጊ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በነፃ ወይም በቅናሽ በሚያቀርበው በሪሰርች ፎር ላይፍ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ምድብ አገሮች አንዷ ስለሆነች ብዙ ክፍት ጆርናሎች ክፍያውን ይምራሉ። ፌሎው ጽሑፉን ከመላኩ በፊት ይጠይቅ። ጆርናሎችን ለማንበብም በዚሁ ፕሮግራም በሂናሪ በኩል በነፃ መግባት ይቻላል።

5. ሦስት ፊርማ ያለበት ውል

ውሉን እናንተ፣ ተቋሙና ፌሎው ትፈርማላችሁ። ዋናው አንቀጽ ስለ ጊዜ ነው። ፌሎው ከሥራ ሰዓቱ ቢያንስ ግማሹን ለምርምር እንደሚያውል ይጻፍ። ዲፓርትመንቱ የትኞቹን ኮርሶች እንደሚያነሳለትና ማን እንደሚተካው በስም ይቀመጥ። «ይተባበሩታል» የሚል ቃል ብቻውን ሴሚስተር ሲጀመር ይረሳል።

ሌሎቹ አጠር ያሉ ናቸው። መረጃውና ናሙናው የማን እንደሆነ፣ የጽሑፉ ደራሲዎች ቅደም ተከተል በምን እንደሚወሰን፣ ወሊድ ወይም ሕመም ቢመጣ ጊዜው እንደሚራዘም ጻፉ። ስለ ማስገደጃ የምትጽፉትን አስቡበት። ካልተመለስክ ይህን ያህል ዶላር ትከፍላለህ የሚል ውል ሰውን ያስፈራል እንጂ ወደ ላብራቶሪው አይመልሰውም። ውጭ ሄዶ የሚማር ፌሎ ካላችሁ ከገንዘቡ ከፊሉን ለመመለሻው ቆጥቡለት። ሲመለስ የመጀመሪያው ዓመት ሪኤጀንት ተከፍሎ ይጠብቀው።

6. ጥሪውን አውጡ፣ በንጹሕ እጅ ምረጡ

ማስታወቂያው አንድ ገጽ ይብቃው። ማን ማመልከት ይችላል፣ ስንት ነው፣ መቼ ይዘጋል፣ በምን ይመዘናል። ፕሮፖዛሉም ከአምስት ገጽ አይለፍ። ረጅም ፕሮፖዛል የሚሸልመው ጥሩ እንግሊዝኛ ያለውን ነው።

ስትመዝኑ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ጥያቄው የአገሩ ሰው ችግር ነው? በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ የሚሠራውን ገበሬ እግር የሚያሳብጠውን ፖዶኮኒዮሲስ የውጭ ኩባንያ ተሽቀዳድሞ አያጠናውም። ሥራው ባለው ዕቃና ጊዜ ያልቃል? ሦስተኛ፣ አመልካቹ ውጤቱ እንደጠበቀው ባይሆን ምን እንደሚያደርግ አስቦበታል?

ገምጋሚዎቹ ከአስተናጋጁ ተቋም ውጭ ይሁኑ። የቀድሞ አስተማሪው ወይም ዘመዱ የሆነ ገምጋሚ በዚያ ማመልከቻ ላይ ይውጣ፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። አገራችን ትንሽ ናት፣ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፣ ስለዚህ ይህን ጠበቅ አድርጉት። ሴት አመልካቾች ካነሱ ጥሪውን እንደገና አውጡ፣ ዲፓርትመንት ኃላፊዎችንም በስም እንዲጠቁሙ ጠይቁ። የዕድሜ ገደብ አታስቀምጡ፤ ልጅ ያሳደገችን ተመራማሪ ከበር ይመልሳል። ላልተመረጡት ደግሞ ለምን እንዳልተመረጡ ጥቂት መስመር ጻፉላቸው። ለብዙዎቹ ስለ ፕሮፖዛላቸው አስተያየት በጽሑፍ የሰጣቸው የመጀመሪያው ሰው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

7. ሁለት አማካሪ

አንዱ አገር ቤት በየሳምንቱ የሚያገኘው፣ ሌላው ውጭ ያለ። የአገር ቤቱ ላብራቶሪውንና ሰውን ያውቃል። የውጩ አዲስ ዘዴ፣ ትብብርና የግራንት አጻጻፍ ያመጣል። ለአገር ቤቱ አማካሪ መክፈል ነውር የለውም። ጊዜው ነው። ውጭ ያላችሁት ባለሙያዎች ደግሞ በዚህ ቦታ ከገንዘባችሁ በላይ ትጠቅማላችሁ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ቪዲዮ ላይ ተቀምጦ መረጃ አብሮ ማየት፣ የጽሑፉን ረቂቅ በሰዓቱ አርሞ መመለስ። ቃል ገብታችሁ ከጠፋችሁ ግን ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የምትችሉትን ያህል ብቻ ቃል ግቡ።

8. ለሥነ ምግባር ፈቃድ ጊዜ ያዙ

በሰው ላይ የሚሠራ ጥናት ሁሉ ፈቃድ ይፈልጋል። መጀመሪያ የተቋሙ ኮሚቴ ያየዋል። እንደ ጥናቱ ዓይነት ወደ ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴም ይሄዳል። የመድኃኒት ወይም የክትባት ሙከራ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም አለበት። ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ይጨመራል። ወራት ይፈጃል፤ ተገቢም ነው። ደሙን የሰጠው ሰው የሚጠበቀው በዚህ ነው።

ብልሃቱ የፌሎሺፑን ዋና ሰዓት ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ማስጀመር ነው። ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ አነስተኛ የዝግጅት ገንዘብ ስጡ። ፌሎው በዚያ ጊዜ መጠይቁን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በወላይትኛ ያዘጋጅ፣ ዘዴውን ይለማመድ። ናሙና ለምን ውጭ እንደሚሄድም ጠይቁ። እዚሁ መሥራት የሚቻለውን እዚሁ አሠሩ።

9. ክትትሉ አጭር፣ ክፍያው በሰዓቱ

በየስድስት ወሩ ሁለት ገጽ ሪፖርት ይበቃል። ምን ተሠራ፣ ምን አቆመው፣ ከእኛ ምን ትፈልጋለህ። ሦስተኛውን ጥያቄ አንብባችሁ መልስ ስጡ። ፌሎው ዓመቱን ሙሉ ደረሰኝ ሲሰበስብ እንዳይኖር ትንንሽ ወጪዎችን በጥቅል ፍቀዱ።

ውጤቱን በጽሑፍ ብዛት ብቻ አትለኩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ፌሎው ምርምር ላይ አለ? በራሱ ስም ግራንት አሸንፏል? ማስተርስና ፒኤችዲ የሚሠሩ ተማሪዎችን ያማክራል? ያስጠገናችሁት ማሽን ይሠራል? እነዚህን የሚመልስ ሠንጠረዥ ከመጀመሪያው ቀን ክፈቱ፤ በኋላ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

10. ቀጣዩን ገንዘብ ከአሁኑ አዘጋጁ

ፌሎሺፑ ሲያልቅ ፌሎው ወዴት ይሄዳል? በመጨረሻው ዓመት ሊያመለክትባቸው የሚችሉትን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ አስታውሱት። የአውሮፓና የአፍሪካ አገሮች የክሊኒካል ሙከራ ትብብር (ኢዲሲቲፒ) ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአፍሪካ ተመራማሪዎች ፌሎሺፕ ይሰጣል። የኤን.አይ.ኤች ክፍል የሆነው ፎጋርቲ ማዕከል ለታዳጊ አገሮች ወጣት ተመራማሪዎች ሲሰጥ የቆየው ድጋፍ አመልካቹ በአገሩ ተቋም ውስጥ የሥራ ቦታ እንዲኖረው ይጠይቃል። የእናንተ ፌሎሺፕ ሰውየውን በቦታው ማቆየቱ እዚህም ይጠቅመዋል።

አንድ ምንጭ ላይ ብቻ ግን አትንጠልጠሉ። በግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) ኤን.አይ.ኤች አዲስ አሠራር እስኪያዘጋጅ ድረስ ለውጭ አገር ተቋማት በንዑስ ውል የሚሄድ ገንዘብ ያለባቸውን ግራንቶች እንደማይሰጥ አስታወቀ። ብዙ ላብራቶሪ ተደናገጠ። ቢያንስ የስድስት ወር ድጎማ የሚሸፍን መጠባበቂያ ባንክ ይኑራችሁ፤ አዲስ ፌሎ ከመቀበላችሁ በፊትም የያዛችኋቸው እስኪጨርሱ የሚበቃ ገንዘብ በእጃችሁ መኖሩን አረጋግጡ።

ስለ ጊዜ አንድ የተግባር ነገር ልጨምር። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። በግንቦትና በሰኔ የፋይናንስ ክፍሎች ሒሳብ መዝጋት ላይ ናቸው፤ በዚያ ሰሞን የገባ ገንዘብ ተንጠልጥሎ ሊቆይ ይችላል። ጥሪውን በጥቅምት አውጡ። ምርጫውን በጥር ጨርሱ። ውሉን በየካቲት ፈርማችሁ የዝግጅት ገንዘቡን በመጋቢት ላኩ። ዋናውን ክፍያ በሐምሌ አጋማሽ፣ አዲሱ በጀት ሲከፈት አስገቡ።